በመለንዲዝ ዳር፦ የቀጰዶቅያ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት መንደር

ከአክሳራይ ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ለ40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያየው ሜዳ ብቻ ነው። የስንዴ ማሳ፣ አልፎ አልፎ የበግ መንጋ፣ ከሩቅ ደግሞ ሁለት ጫፍ ያለው የሀሰን ተራራ። ዛፍ የለም ማለት ይቻላል። በዚህ ምድር ወንዝ አለ ቢባል ማንም አያምንም። መኪናው ቆሞ ጥቂት እርምጃ ከተራመዱ በኋላ ግን ሜዳው በድንገት ያልቃል። ከእግር በታች ከ100 እስከ 150 ሜትር ጥልቀት ያለው ገደል ይከፈታል። ከሥሩ አኻያና ቀጥ ብለው የረዘሙ ዛፎች ተሰልፈዋል፤ በመካከላቸው ውኃ ብልጭ ይላል።

ወንዙ መለንዲዝ፣ ሸለቆው ኢህላራ ይባላል። በመካከለኛው ቱርክ፣ በአክሳራይ ክፍለ ሀገር የሚገኘው ይህ ሸለቆ ከኢህላራ መንደር ጀምሮ እስከ ሰሊሜ መንደር 14 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። በሁለቱ መካከል፣ የገደሉ ግድግዳዎች ትንሽ ራቅ ራቅ ባሉበት ስፍራ፣ ቤሊስርማ ተቀምጣለች። የድንጋይ ቤቶቿ ጀርባቸውን ለገደሉ ሰጥተዋል። ከቤቶቹ በላይ ዐለቱ በዋሻ፣ በመስኮትና በበር ተበሳስቷል። ከእነዚያ በሮች አንዳንዶቹ ወደ ጎተራ፣ አንዳንዶቹ ወደ እርግብ ቤት ያስገባሉ። ሌሎቹ ከሺህ ዓመት በፊት ቅዳሴ ወደ ተቀደሰባቸው መቅደሶች ያመራሉ።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ስፍራ ባዕድ አይደለም። ቱሪስቶች ካፓዶቅያ እያሉ የሚጠሩት አገር በመጽሐፍ ቅዱሳችን ቀጰዶቅያ የተባለው ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2፣ በበዓለ ኀምሳ በኢየሩሳሌም ከተሰበሰቡት ሕዝቦች መካከል የቀጰዶቅያ ሰዎች ተቆጥረዋል፤ ቅዱስ ጴጥሮስም የመጀመሪያ መልእክቱን ከላከላቸው አገሮች አንዷ ይህች ናት። የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ትውልድም በትውፊት ከቀጰዶቅያ ይመዘዛል። በ4ኛው መቶ ዘመን የክርስትናን ትምህርተ ሥላሴ በቃልና በጽሑፍ ያጸኑት ሦስቱ ሊቃውንት፣ የቂሳርያው ባስልዮስ፣ ወንድሙ የኑሲሱ ጎርጎርዮስና ወዳጃቸው ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት፣ የዚህ አገር ልጆች ናቸው። ባስልዮስ ጳጳስ ሆኖ የተቀመጠባት ቂሳርያ የዛሬዋ ካይሰሪ ናት። ነባቤ መለኮት ያደገባት ናዚያንዙስ ደግሞ ከአክሳራይ ብዙም አትርቅም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከምትቀድስባቸው 14 ቅዳሴያት መካከል በባስልዮስና በጎርጎርዮስ ስም የሚጠሩ ይገኛሉ፤ ቃላቸው በሃይማኖተ አበው ውስጥም ተካቷል። በአዲስ አበባም ሆነ በጎንደር ደብር ስማቸው የሚነሣ አባቶች የረገጡት ምድር ይህ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ወደ ቱርክ ሲሄድ የኢስታንቡልን ገበያ አይቶ ብቻ መመለሱ የሚያስቆጨውም ለዚህ ነው።

ወደ ሸለቆው የሚወርደው ዋናው መግቢያ ኢህላራ መንደር አጠገብ ነው። ቲኬት ከተቆረጠ በኋላ ወደ 400 የሚጠጉ ደረጃዎች ይጠብቃሉ። መውረዱ አይከብድም፤ መውጣቱ ግን ጉልበት ይፈትናል። በእያንዳንዱ እርከን አየሩ እየቀዘቀዘ፣ የውኃው ድምፅ እየቀረበ ይሄዳል። በበጋ ከላይ ያለው ሜዳ ሲጠበስ ከታች ጥላና እርጥበት አለ። መነኮሳትና ገበሬዎች ይህን ስፍራ ለምን እንደ መረጡት ማንም ሳያስረዳው የሚገባው እዚያ ደረጃ ላይ ነው።

ዐለቱን ለፍልፈላ ያመቻቸው እሳተ ገሞራ ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የሀሰን ተራራና በአካባቢው የነበሩ ሌሎች እሳተ ገሞራዎች በረጅም ዘመን የተፉት አመድ ተከምሮና ተጨምቆ ለስላሳ ዐለት ሆነ። ይህ ዐለት ሲፈለፈል ለመሣሪያ ይታዘዛል፤ አየር ሲያገኘው ደግሞ ገጹ ይጠነክራል። መለንዲዝ ይህንኑ ንብርብር ለብዙ ሺህ ዘመናት ቆርጦ ሸለቆውን አወጣ። ከዚያ በኋላ ሰው ቀጠለ።

የአፈላፈሉ ስልት ከላሊበላ ይለያል። በላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስን የፈለፈሉት ሰዎች ከላይ ወደ ታች ወርደው፣ ሕንፃውን ከአካባቢው ዐለት በአራቱም ጎን ለይተው አቁመውታል። በኢህላራ ግን ጠራቢው ከገደሉ ፊት ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ። ስለዚህ ከውጭ የሚታየው ብዙ ጊዜ አንድ በርና ሁለት መስኮት ብቻ ሲሆን ውበቱ በሙሉ ከውስጥ ነው። በዚህ በኩል ይበልጥ የሚቀርበው በትግራይ ተራሮች ገደል ውስጥ ከተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ጋር ነው። ጉልላት፣ ቅስት፣ ዓምድ፣ ሁሉም በድንጋይ ግንባታ የተለመዱ ቅርጾች ናቸው፤ እዚህ ግን ጣሪያ የሚሸከም ዓምድ የለም፤ ጣሪያውም ዓምዱም አንድ ዐለት ነውና። አንዳንድ ስፍራ ዓምዱ ከወገቡ ተሰብሮ የላይኛው ግማሽ ከጣሪያው ተንጠልጥሎ ይታያል። ጣሪያው አልወረደም።

ደረጃው እንዳለቀ ለዓይን የሚቀርበው ቤተ ክርስቲያን በአካባቢው ሰዎች አአቻልቲ፣ ማለትም ከዛፍ ሥር፣ ተብሎ የሚጠራው ነው። በመስቀል ቅርጽ የተፈለፈለ ትንሽ ቤት ሲሆን ጉልላቱ ላይ የጌታ ዕርገት ተሥሏል። ነቢዩ ዳንኤል በሁለት አንበሶች መካከል እጆቹን ዘርግቶ ቆሟል። ቀለሙ ጥቂት ነው። ዓይኖቹ ትላልቅ፣ መስመሮቹ ወፍራም፣ ልብሱ በአበባና በነጥብ የተሞላ ነው። የኢትዮጵያን የብራና ሥዕል ያየ ሰው እዚህ ትንሽ ይቆያል። በመካከላቸው ቀጥተኛ ዝምድና አለ ለማለት ማስረጃ ያስፈልጋል። ሊቃውንቱ ግን የኢህላራን ሥዕሎች ከቁስጥንጥንያ የቤተ መንግሥት ጥበብ ይልቅ ከሶርያ፣ ከግብፅና ከሌላው የምሥራቅ ክርስትና ዓለም ጋር ሲያቀራርቧቸው ኖረዋል።

የሥዕሎቹ ዘመን ብዙ አከራክሯል። በቢዛንታይን ግዛት ከ726 እስከ 843 (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በመካከሉ እየተቋረጠ የዘለቀ የፀረ ሥዕል ዘመን ነበር። በዚያ ዘመን ቅዱሳት ሥዕላት ተፍቀዋል፣ ተቃጥለዋል፤ በየግድግዳው መስቀልና ሐረግ ብቻ እንዲሣል ተወስኗል። ከዚያ በኋላ ሥዕል በድል ሲመለስ ቀጰዶቅያ በቀለም ተጥለቀለቀች። ዛሬ በሸለቆው የሚታዩት ሥዕሎች አብዛኞቹ ከዚህ ድል ወዲህ፣ እስከ 13ኛው መቶ ዘመን ድረስ የተሠሩ ናቸው።

ከአአቻልቲ ወዲያ የወንዙን ድልድይ የተሻገረ ይላንሊ የተባለውን፣ የእባቦቹን ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። ስሙን ያገኘው ከምዕራቡ ግድግዳ ነው። የመጨረሻው ፍርድ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቷል። ሃያ አራቱ ካህናተ ሰማይ ተቀምጠዋል፤ የነፍሳት ሚዛን ተሰቅሏል፤ በስንክሳራችን ሐራ ሰማይ የሚባሉት አርባው የሰብስጥያ ሰማዕታትም አሉ። ከሥር በቅጣት ላይ ያሉ አራት ሴቶች ይታያሉ። አንዷን እባቦች ጡቷን ይነክሷታል፤ ልጇን ባለማጥባቷ ነው። ሌላዋን አፏን ይነክሷታል፤ በሐሰት ስለ ተናገረች። ሦስተኛዋ ባለመታዘዟ ጆሮዋን ተይዛለች። ይህን ሥዕል ማን አዘዘው? የመንደሩ ካህን? የገዳሙ አበምኔት? የሚያስፈራራው ለማን ነበር? ሥዕሉ የዚያን ዘመን መንደር ጭንቀት ከማንኛውም ዜና መዋዕል በላይ ያሳያል። የሕፃናት ሞት፣ የሐሜት መርዝ፣ የቤት ውስጥ ሥልጣን፣ ሁሉም ግድግዳው ላይ ናቸው። ቅጣቱ በሴቶች አካል ላይ ብቻ መሣሉም ራሱን የቻለ ምስክር ነው።

ከዚህ እስከ ቤሊስርማ በወንዙ ዳር ወደ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግር ይኬዳል። መንገዱ ሜዳማ ነው። ከቋጥኝ ቋጥኝ መዝለል አልፎ አልፎ ይኖራል፤ ጫማ ግን ጠንካራ ይሁን። አብዛኛው ጎብኚ ከጎረሜ ከተማ በሚነሣ የአንድ ቀን ጉዞ የሚመጣ ነው። በዚያው ቀን የደሪንኩዩን የምድር ውስጥ ከተማ፣ ኢህላራንና ሰሊሜን ስለሚያዳርስ እዚህ የሚሰጠው ሰዓት አጭር ነው። አንድ ወይም ሁለት ቤተ ክርስቲያን ያያል፤ ወንዙን ተከትሎ ፈጠን ፈጠን ይላል፤ ቤሊስርማ ሲደርስ ምሳ ይበላል፤ አውቶቡሱ ይጠብቀዋል።

ምሳው በእርግጥ ደስ ይላል። ምግብ ቤቶቹ ወንዙ ላይ የእንጨት መደብ ዘርግተዋል። ሰው ጫማውን አውልቆ ትራስ ላይ ይቀመጣል፤ ውኃው ከሥሩ ያልፋል፤ ዳክዬዎች ፍርፋሪ ይጠብቃሉ። በሸክላ የበሰለ የወንዝ ዓሣ ወይም በምጣድ የተጋገረ ስስ ቂጣ አይብ ተሞልቶ ይቀርባል። ዶልሙሽ የሚባለው የመንደሩ ሚኒባስ መንገዱ ዳር ቆሞ ተሳፋሪ ይጠብቃል። ችግሩ ምሳው አይደለም። ችግሩ የሸለቆው ትልልቅ ምስጢሮች ከዚህ ከምሳው ሰፈር በደቂቃዎች ርቀት ላይ እያሉ ብዙው ሰው ሳያያቸው መሄዱ ነው።

ወንዙ ራሱ ትንሽ ታሪክ ይገባዋል። መለንዲዝ ባሕር አይደርስም። ከሸለቆው ወጥቶ በማማስን ግድብ በኩል ወደ አክሳራይ ሜዳ ይወርድና ወደ ቱዝ፣ ማለትም ወደ ጨው ሐይቅ አቅጣጫ ያበቃል፤ አዋሽ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ እንደሚያበቃ ሁሉ። በዚሁ ወንዝ ዳር፣ ከሸለቆው ወረድ ብሎ፣ አሽክሊ ሆዩክ የተባለ ጉብታ አለ። አርኪዮሎጂስቷ ኡፉክ ኤሲን በ1989 ቁፋሮ የጀመሩበት ይህ ስፍራ ከ10,000 ዓመት በፊት ሰዎች ከጭቃ ጡብ ቤት ሠርተው የኖሩበት መንደር ነው። ወደየቤቱ የሚገባው በጣሪያ ቀዳዳ ነበር፤ በግን ወደ ማላመድም እዚህ ቀደም ብለው ጀምረዋል። እንግዲህ ክርስትና ሲመጣ ይህ ወንዝ ሰው ማኖር ከጀመረ ብዙ ሺህ ዓመታት አልፈውት ነበር ማለት ነው።

ከቤሊስርማ ጥቂት መቶ ሜትር ያህል ወደ ላይ ተመልሶ የሚሄድ ድሬክሊን፣ ባለ ዓምዱን ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። እዚህ ያለው አየር ከአአቻልቲ የተለየ ነው። ዓምዶቹ ረጃጅም፣ በላያቸው የቆሙት ቅዱሳን ቁመታቸው የሰው ያህል፣ ፊታቸው በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ የቁስጥንጥንያ እጅ ደርሶበታል። በውስጡ ያለው የግሪክኛ ጽሑፍ የነገሥታቱን የባስልዮስንና የቁስጠንጢኖስን ስም ይጠራል። ዳግማዊ ባስልዮስና ወንድሙ ቁስጠንጢኖስ ስምንተኛ አብረው የነገሡት ከ976 እስከ 1025 ነውና ቤተ ክርስቲያኑ በዚያ መካከል መሠራቱ አይጠረጠርም። በጊዜው ቢዛንታይን በኃይሉ ጫፍ ላይ ነበር፤ የዐረብ ወረራ ሥጋት ርቆ የቀጰዶቅያ ባለርስቶች ሀብት ያካበቱበት ዘመን ነው።

አጠገቡ ያለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ባሃቲን ሳማንሊ ትባላለች። ባሃቲን የተባለ የመንደሩ ሰው ጭድ ያከማችባት ስለ ነበር የጭድ ቤቱ ስም ቀረባት። ከዚያ በፊት በማን ስም ትጠራ እንደ ነበር የሚናገር ምእመን አልቀረም። በግድግዳዋ ግን ከጌታ ልደት ጀምሮ የሕይወቱ ታሪክ በትናንሽ ክፍሎች ተራ በተራ ወርዷል።

ጉልበት ያለው ከመንደሩ በላይ ወዳለው ገደል ይውጣ። ክርክዳማልቲ የሚባለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እዚያ ነው። ሥዕሉ ክፉኛ ተጎድቷል፤ ፊቶች ተፍቀዋል፤ የጎብኚዎች ስም በሥዕሉ ላይ ተጭሯል። ሆኖም በሸለቆው ካሉት ሁሉ ይህን የሚስተካከል የለም።

በሥዕሉ መካከል ጊዮርጊስ በወታደር ልብስ ቆሟል። በአንድ ወገን አንዲት ሴት የቤተ ክርስቲያን አምሳያ በእጇ ይዛ ታቀርብለታለች። በሌላው ወገን አንድ ሰው አለ፤ ልብሱ ካፍታን፣ ራሱ ላይ ጥምጥም። ከላያቸው ያለው ጽሑፍ ማንነታቸውን ይናገራል። ሴቲቱ እመቤት ታማር ናት፤ ስሟ በጆርጂያ ነገሥታት ቤት የታወቀ ስም ነው። ወንዱ ባሲል ጊያጉፔስ ይባላል፤ በሰልጁቅ ቱርኮች ሱልጣን አስተዳደር የአሚርነት ማዕረግ ያለው ክርስቲያን ነው። ጽሑፉ ይቀጥልና ሥራው የተፈጸመው በታላቁ ሱልጣን በመስዑድ ዘመን፣ በሮማውያን ላይ ደግሞ አንድሮኒቆስ በነገሠበት ጊዜ መሆኑን ይመዘግባል። ሱልጣኑ ዳግማዊ መስዑድ፣ ንጉሡ የቢዛንታይኑ ዳግማዊ አንድሮኒቆስ ናቸው። በዚህም ሊቃውንቱ ሥራውን በ1283 እና በ1295 መካከል ያስቀምጡታል።

ይህን ቀስ ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ሰልጁቆች ቢዛንታይንን ያሸነፉበት የማንዚከርት ጦርነት የተደረገው በ1071 ነው። ከዚያ ወዲህ አናቶልያ በሰልጁቅ ቱርኮች እጅ ገብታለች፤ ታማርና ባሲል ይህን ቤተ ክርስቲያን ሲያስጌጡ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አልፏል። ሰልጁቆቹ ራሳቸው በ1243 በኮሰ ዳይ ጦርነት ተሸንፈው የሞንጎሎች ገባር ሆነዋል። በዚህ ሁሉ መሐል በአንድ የወንዝ ዳር መንደር፣ በሙስሊም ሱልጣን ሥር የሚያገለግል ጥምጥም የለበሰ ክርስቲያን ሹም የሰማዕቱን ቤት ያሠራል፤ በቤተ መቅደሱ ግድግዳም የሱልጣኑን ስም በክብር፣ የሩቁንም ንጉሥ ስም አብሮ ያስጽፋል። ማንም የደበቀው ነገር የለም። ስለ ቀጰዶቅያ አብያተ ክርስቲያናት ሲወራ ሁልጊዜ የሚሰማው ክርስቲያኖች ከጠላት ተሸሽገው ዋሻ ፈለፈሉ የሚለው ነው። የሽሽት ዘመን በእርግጥ ነበር፤ ከ7ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የዐረብ ጦር ይህን አገር ደጋግሞ መትቷል። የታማርና የባሲል ግድግዳ የሚተርከው ግን ሌላ ታሪክ ነው።

በዚያው ትውልድ ከዚህ በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በላስታ፣ ከላሊበላ ብዙም በማትርቀው በገነተ ማርያም ሌላ የዐለት ቤተ ክርስቲያን ተፈልፍሎ ነበር። ከ1270 እስከ 1285 የነገሡት የዐፄ ይኩኖ አምላክ ምስል ከነጽሑፉ በግድግዳው ላይ ይገኛል። ሁለቱ ሠዓሊዎች አንዳቸው ስለ ሌላቸው የሰሙት ነገር አልነበረም። ሆኖም በሁለቱም ስፍራ አሠሪው ከቅዱሳኑ አጠገብ መልኩን አሥሎ፣ ስሙን አስጽፎ፣ ዘመኑን ነግሮ አልፏል። ልዩነቱ ገነተ ማርያም ዛሬም ይቀደስባታል።

ሸለቆው ሰሊሜ ላይ ሲከፈት ዐለቱ ወደ ሰማይ የሾሉ ግዙፍ ቁንጮዎች ይሆናል። በዚያ ያለውን ትልቅ ፍልፍል ሕንፃ ሁሉም ገዳም ሲለው ኖሯል። ቬሮኒካ ካላስ የተባሉ አጥኚ ግን ክፍሎቹን አንድ በአንድ ለክተው ሌላ ሐሳብ አቀረቡ። ሰፊ የእንግዳ አዳራሽ፣ የፈረስ ጋጣ፣ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ጭስ መውጫ ያለው ማድ ቤት፣ ከጎን ደግሞ የቤተሰብ ቤተ ክርስቲያን፤ ይህ የመነኮሳት ሳይሆን የባለጠጋ ግቢ ይመስላል። ሮበርት ኡስተርሃውትም በአክሳራይ አቅራቢያ ቻንሊ ኪሊሴ በተባለው ስፍራ ባደረጉት ጥናት ተመሳሳይ መደምደሚያ ላይ ደርሰዋል። ስለዚህ ዐለት ቆርጦ መኖር የባሕታዊ ሥራ ብቻ አልነበረም፤ ገበሬውም፣ ጌታውም፣ መነኩሴውም ቤቱ ዐለት ነበር።

ታዲያ ምእመናኑ የት ሄዱ? አንዳንዱ በመቶዎች ዓመታት ሂደት ሰልሟል፤ አንዳንዱ ወደ ከተማ ፈልሷል። የመጨረሻው ምዕራፍ ግን የተጻፈው በሎዛን ነው። ጃንዋሪ 30 ቀን 1923 ግሪክና ቱርክ የሕዝብ ልውውጥ ስምምነት ፈረሙ። ቀድመው የሸሹትን ጨምሮ ወደ 1.2 ሚሊዮን የሚጠጉ ኦርቶዶክሳውያን ከቱርክ ወደ ግሪክ፣ ወደ 400,000 የሚጠጉ ሙስሊሞች ደግሞ ከግሪክ ወደ ቱርክ ሄዱ። መለያው ቋንቋ አልነበረም፤ ሃይማኖት ብቻ ነበር። ከኢህላራ አቅራቢያ የምትገኘው የገልቨሪ ከተማ ክርስቲያኖች አብዛኞቹ ቱርክኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። በ1924 ንዋያተ ቅድሳታቸውንና የጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮትን ቅሪተ ዐፅም ይዘው ወጡ፤ በሰሜን ግሪክ ካቫላ አጠገብ ነያ ካርቫሊ የተባለች ከተማ መሠረቱ። ገልቨሪ ዛሬ ጉዘልዩርት ትባላለች። በጎርጎርዮስ ስም የተሠራው ቤተ ክርስቲያኗ መስጊድ ሆኖ ሲያገለግል ቆይቷል።

ቅዳሴው ከቆመ በኋላ የሸለቆው አብያተ ክርስቲያናት ጭድ ቤት፣ የከብት በረት፣ የእርግብ ቤት ሆኑ። ይህን መንደርተኛውን ለመውቀስ ማንሣት ፍትሕ አይሆንም። የእርግብ ኩስ ለወይንና ለአትክልት ማዳበሪያ ነው፤ ባዶ ዋሻ ያለው ገበሬ ይጠቀምበታል። ትልቁ ጉዳት የመጣው ከእርጥበት፣ ከዐለት መሰንጠቅና ስሙን ሳይጭር ካላለፈ መንገደኛ ነው። የቱርክ መንግሥት በ1990 ሸለቆውን ልዩ የአካባቢ ጥበቃ ቀጠና አድርጎታል፤ ዛሬ በየመግቢያው ጥበቃ አለ፤ አንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናትም በአጥር ተከልለዋል። ጎረሜ በ1985 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መዝገብ ስትገባ ኢህላራ ግን አልተካተተም።

ከሁሉ በላይ ለዚህ ሸለቆ የዋሉለት ሁለት ፈረንሳውያን ናቸው። ኒኮልና ሚሼል ቲየሪ ባልና ሚስት በ1950ዎቹ ወደዚህ እየተመላለሱ፣ ደረጃና አጥር ባልነበረበት ጊዜ ገደሉን እየቧጠጡ፣ ግድግዳዎቹን ለክተው፣ ጽሑፎቹን ገልብጠው፣ ሥዕሎቹን ፎቶ አንሥተው በ1963 በሀሰን ተራራ አካባቢ ስላሉት የዐለት አብያተ ክርስቲያናት መጽሐፍ አሳተሙ። ዛሬ የታማር ምስል ምን ያህል እንደ ደበዘዘ ማስተያየት የሚቻለው የዚያን ጊዜው መረጃ በመኖሩ ነው።

በእኛም አገር እንዲህ ያደረጉ ሰዎች ነበሩ፤ አሉም። አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍ በ1966 በአዲስ አበባ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ከ100 በላይ የትግራይ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናትን ዝርዝር አቅርበው የጉባኤውን ሰው አስደንቀዋል፤ ከዚያ በፊት የሚታወቁት ጥቂቶች ነበሩ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ገርቨርስና ኢቫ ባሊካ ቪታኮቭስካ መዝገበ ሥዕላት ብለው ያቋቋሙት የፎቶግራፍ ክምችት የብዙ አጥቢያዎችን ሥዕል ይዟል። በዚያ ክምችት ያልገቡ፣ በጧፍ ጭስና በጣሪያ ፍሳሽ ዓመት ከዓመት እየጠፉ ያሉ ግድግዳዎች ግን ገና ብዙ ናቸው። የእኛ ጥቅም ምእመኑም፣ ካህኑም፣ የሥዕሉን ታሪክ በቃል የሚያውቁ አዛውንትም በስፍራቸው መኖራቸው ነው። ቤሊስርማ ይህን አጥታለች።

ስለዚህ ወደ ቱርክ የሚሄድ አንባቢ ለቤሊስርማ አንድ ሙሉ ቀን ይስጥ። ማልዶ ከኢህላራ ይውረድ፤ ምሳውን ከመብላቱ በፊት ድሬክሊንና ባሃቲን ሳማንሊን ይይ፤ ጉልበቱ ከፈቀደም ወደ ጊዮርጊስ ቤት ይውጣ። ግድግዳውን አይንካ፤ በካሜራው ፍላሽ አያብራ። አገሩ ሲመለስ ደግሞ የተጠመቀበትን ደብር ካህናት ፈቃድ ጠይቆ፣ ያሉትን የግድግዳ ሥዕሎች ግድግዳ በግድግዳ ፎቶ ያንሣ፤ ቀኑን፣ የሥዕሉን ስምና አዛውንቱ የነገሩትን ይጻፍበት፤ አንዱን ቅጂ ለሰበካ ጉባኤው ያስረክብ።